ከኢንዛይም እስከ ምርምር ሥነ ምግባር

የፊዚክስ መምህር ስለ ኢንዛይም ለመጻፍ ብዕር ሲያነሣ "ይህ ምኑ ነው?" የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሳችን አጭር ነው። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ብለን የከፋፈልነው ለመማር እንዲያመቸን እኛው ነን እንጂ ተፈጥሮ ራሷ የትምህርት ክፍል የላትም። በፊዚክስ ክፍል የምናስተምረው የሙቀትና የኃይል ሕግ በቤተ ሙከራው ብረት ላይ እንደሚሠራ ሁሉ በጉበታችንና በደማችን ውስጥም ይሠራል።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጉዳዮችን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በመጀመሪያ ኢንዛይም ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ፣ ቀጥሎ ከኢንዛይሞች አንዱ ሲደክም በሰውነት ላይ ምን እንደሚከተል፣ በመጨረሻም ይህ ዕውቀት በማን አካል ላይ በተደረገ ሙከራ እንደተገኘ እናያለን። ሦስተኛው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ከመማሪያ መጻሕፍት የሚቀር ነው። ነገ ተመራማሪ ለሚሆን ተማሪ ግን ከሁለቱ ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢንዛይም ምንድን ነው?

እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ ገብሱን አርሰው እንዲበቅል ያደርጋሉ፤ ከዚያም አድርቀው ይፈጩታል። ይህ ብቅል ነው። ደረቁ ገብስ እያለ ለምን መብቀል አስፈለገው? ምክንያቱም ዘሩ ሲበቅል ያከማቸውን ስታርች ለራሱ ምግብነት ለማዋል አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ያመርታል። ይህ ኢንዛይም በጋኑ ውስጥ የእህሉን ስታርች እየቆራረጠ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። አሚሌዝ በምራቃችን ውስጥም አለ። ቁራሽ ዳቦ ሳንውጥ ለረጅም ጊዜ ብናኝክ ጣፋጭ ጣዕም የምናገኘው በዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ኢንዛይም ማለት በሕያዋን ውስጥ የሚካሄድን ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን፣ እርሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ሞለኪውል ነው። አብዛኞቹ ኢንዛይሞች ፕሮቲኖች ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዘመን እንደ ሉዊ ፓስተር ያሉ ታላላቅ ሊቃውንት መፍላት ያለ ሕያው እርሾ አይሆንም ብለው ያምኑ ነበር። በ1897 ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ ጭማቂውን አወጣ። በጭማቂው ውስጥ አንድም ሕያው የእርሾ ሕዋስ አልነበረም፤ ሆኖም ስኳሩን ወደ አልኮል ለወጠው። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው "ሕይወት" የተባለ ምስጢራዊ ኃይል ሳይሆን ከሕዋሱ ሊወጣ የሚችል ቁስ ነው ማለት ነው። ቡክነር በ1907 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አገኘ። ቁሱ ፕሮቲን መሆኑን ደግሞ አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር በ1926 ዩሪዬዝ የተባለውን ኢንዛይም በንጹሕ ክሪስታል መልክ ለይቶ በማውጣት አሳየ።

ጋራውን ዝቅ ማድረግ

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ። ከፍ ባለ ሸለቆ ውስጥ ያለ ድንጋይ እናስብ። ከጋራው ማዶ ይበልጥ ዝቅ ያለ ሌላ ሸለቆ አለ። ድንጋዩ እዚያ ቢደርስ ይበልጥ ይረጋጋል፤ ነገር ግን በመካከል ያለውን ጋራ መሻገር አለበት። ኬሚካዊ ለውጥም እንዲሁ ነው። ለውጡ ኃይል የሚሰጥ ቢሆንም እንኳ ሞለኪውሎቹ በመጀመሪያ የተወሰነ የማስነሻ ኃይል ማግኘት አለባቸው። ወረቀት በአየር ውስጥ ሊነድ የሚችል ሆኖ ሳለ ክብሪት እስክንጭርበት ድረስ ሳይነድ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ጋራ የሚሻገሩት ሞለኪውሎች ስንት ናቸው? ሞለኪውሎች ሁሉ እኩል ኃይል የላቸውም። ቦልትዝማን እንዳስተማረን በአንድ የሙቀት መጠን ከአማካዩ እጅግ የበለጠ ኃይል ያላቸው በጣም ጥቂቶች ናቸው፤ ጋራው በረዘመ ቁጥርም ቁጥራቸው በፍጥነት ይመነምናል። በሰውነታችን ሙቀት፣ ማለትም በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም በ310 ኬልቪን፣ የሙቀት ኃይል መለኪያው በሞል 2.6 ኪሎጁል ያህል ነው። የማስነሻው ጋራ በሞል 80 ኪሎጁል ቢሆን የሚበቃ ኃይል የሚኖረው ከ30 ትሪሊዮን ሞለኪውሎች አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ኢንዛይም ይህን ጋራ ወደ 44 ኪሎጁል ቢያወርደው ከ25 ሚሊዮን አንዱ ይሻገራል። የጋራው ቁመት በግማሽ እንኳ ሳይቀንስ ፍጥነቱ በሚሊዮን እጥፍ ጨመረ ማለት ነው።

ያለ ኢንዛይም ይህንኑ ፍጥነት በማሞቅ ልናገኝ ብንፈልግስ? ስሌቱን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ ሙቀቱን ወደ 290 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚህ ሙቀት ሕያው ነገር አይኖርም። ሕይወት በለብታ ሙቀት መካሄድ የቻለችው ጋራውን ዝቅ የሚያደርግላት ስላገኘች ነው።

እውነተኛ ምሳሌ እንጨምር። ለዲኤንኤና ለአርኤንኤ መሥሪያ ከሚያስፈልጉት ለውጦች አንዱ ያለ ኢንዛይም በውኃ ውስጥ ቢተው ግማሹ ብቻ እንኳ እስኪጠናቀቅ 78 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚፈጅ ተመራማሪዎች አስልተዋል። ኦኤምፒ ዲካርቦክሲሌዝ የተባለው ኢንዛይም ግን ይህንኑ ከሰከንድ ጥቂት መቶኛ በሆነ ጊዜ ውስጥ ይፈጽመዋል። ማፋጠኑ ከ1 ቀጥሎ 17 ዜሮ የተጻፈበት ቁጥር ያህል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን ነጥብ ማንሣት ይገባል። ኢንዛይም ኃይል አይፈጥርም፤ የሁለቱን ሸለቆዎች ከፍታም አይለውጥም። ጋራውን የሚያወርደው ለሄያጁም ለመላሹም እኩል ነው። በመሆኑም ለውጡ በመጨረሻ የሚያርፍበትን ሚዛን አይቀይርም፤ ወደ ሚዛኑ የሚደርስበትን ጊዜ ብቻ ያሳጥራል።

ቅርጽ ሥራን ይወስናል

ጋራውን ዝቅ የሚያደርገው የኢንዛይሙ ቅርጽ ነው። ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ረጅም ሰንሰለት ሲሆን ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። በዚህ ቅርጽ ላይ ሥራው የሚከናወንበት ጎድጓዳ ስፍራ አለ። ኤሚል ፊሸር በ1894 ነገሩን በጓጉንቸርና በመክፈቻው መስሎት ነበር። ዳንኤል ኮሽላንድ በ1958 ምሳሌውን አሻሻለው፤ በእርሱ አመለካከት ኢንዛይሙ እንግዳውን ሞለኪውል ሲቀበል ራሱም ይጠጋጋል፣ ይለዋወጣል። ጓንት እጅ ሲገባበት ቅርጹን እንደሚይዝ ማለት ነው። በ1965 ዴቪድ ፊሊፕስና ባልደረቦቹ በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን የላይሶዛይምን የአቶም አቀማመጥ በኤክስሬይ ሲያወጡ ይህ ጎድጓዳ ስፍራ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን ታየ። የፊዚክስ መሣሪያ ለባዮሎጂ ከዋላቸው ትልልቅ ውለታዎች አንዱ ይህ ነው።

ቅርጹ የተያዘው ደካማ በሆኑ ትስስሮች ስለሆነ በቀላሉ ይፈርሳል። እንቁላል ሲቀቀል ነጩ የሚረጋው፣ ከዚያም ቢቀዘቅዝ ወደ ቀድሞው የማይመለሰው ለዚህ ነው። በሰንሰለቱ ውስጥ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ በሌላ ቢተካም ኢንዛይሙ ሊደክም ይችላል። የሚከተለው ታሪክ የዚህ ዓይነቱ ድካም ታሪክ ነው።

የቀይ ደም ሕዋስ ዘብ

ኢንዛይሙ ግሉኮስ-6-ፎስፌት ዲሃይድሮጂኔዝ ይባላል፤ ባጭሩ ጂ6ፒዲ። የሰው ጂ6ፒዲ እያንዳንዱ ሰንሰለት 515 አሚኖ አሲዶች አሉት። ሥራው ከግሉኮስ ላይ ተነሥቶ ኤንኤዲፒኤች የተባለውን ሞለኪውል ማስገኘት ነው። ኤንኤዲፒኤች ደግሞ ግሉታታዮን የተባለውን ተከላካይ ሁልጊዜ ለሥራ ዝግጁ አድርጎ ያቆየዋል። ግሉታታዮን ኦክስጅን የሚያስከትላቸውን ጎጂ ውጤቶች፣ ለምሳሌ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድን፣ ያመክናል።

ሌሎች ሕዋሳት ኤንኤዲፒኤችን ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ማምረት ይችላሉ። ኦክስጅን ተሸክሞ የሚዞረው ቀይ የደም ሕዋስ ግን ኒውክለስም ማይቶኮንድሪያም ስለሌለው ያለው መንገድ ይኸው በጂ6ፒዲ የሚከፈተው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ሲኖር አዲስ ኢንዛይም መሥራት አይችልም፤ ይዞት በተወለደው ስንቅ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ኢንዛይሙ ቶሎ የሚፈርስ ዓይነት ከሆነ ሕዋሱ ባረጀ ቁጥር ተከላካይ ያጣል።

የጂ6ፒዲ እጥረት በዓለም ላይ 400 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንዳሉበት ይገመታል። ዘረ መሉ ያለው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ጉድለቱን ከእናቱ ከወረሰ መሸፈኛ የለውም። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የሚሠራው ከሁለቱ አንዱ ብቻ በመሆኑ ደሟ የደካማና የጤነኛ ሕዋሳት ቅይጥ ይሆናል።

አብዛኞቹ ባለ እጥረቶች ያለ ምንም ሕመም ይኖራሉ። ችግሩ የሚመጣው ሕዋሱን በድንገት የሚያስጨንቅ ነገር ሲገባ ነው። ከዚህ አንዱ ባቄላ ነው። በባቄላ ውስጥ ያሉት ቫይሲንና ኮንቫይሲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች በሆድ ውስጥ ሲለወጡ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያጠቃሉ። በተለይ ሜዲቴራንያን አካባቢ ባለው ከባድ ዓይነት እጥረት እሸት ባቄላ የበላ ሕፃን ሽንቱ ሊጠቁር፣ ዓይኑ ቢጫ ሊሆን፣ ደሙም በአደገኛ ሁኔታ ሊያንስ ይችላል። ሁለተኛው አስጨናቂ አንዳንድ መድኃኒት ነው። ታሪካችን የሚያመራው ወደዚሁ ነው።

መድኃኒቱና እስረኞቹ

ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ከደም ቢጠፋም በጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነቅቶ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። በአገራችን ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ወባን በብዛት የሚያመጣው ይኸው ቫይቫክስ ስለሆነ "ወባ ተመላልሶ ያዘኝ" የሚል ሕመምተኛ ማግኘት አያስቸግርም። በጉበት የተኛውን የሚገድሉት መድኃኒቶች ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱም ለረጅም ዘመን ያገለገለው ፕሪማኩዊን ነው።

ፕሪማኩዊን የተጠናው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተጀመረ የአሜሪካ የምርምር ፕሮግራም ውስጥ ነበር። ከ1944 ጀምሮ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ባለው በስቴትቪል ወህኒ ቤት በመቶዎች የሚቆጠሩ እስረኞችን በወባ ትንኝ እያስነከሱ ያሳምሙ፣ የተለያዩ መድኃኒቶችንም ይሞክሩባቸው ነበር። እስረኞቹ ፈቃደኛ መሆናቸውን በፊርማቸው አረጋግጠዋል፤ ገንዘብም ይከፈላቸው ነበር።

በሙከራው ሂደት አንዳንድ እስረኞች፣ አብዛኞቹም ጥቁሮች፣ መድኃኒቱን በወሰዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደማቸው ሲፈርስ ታየ። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነው ወይስ የሰውየው? የሰውየውስ ከሆነ የጉበቱ ነው ወይስ የደሙ? ጥያቄውን ለመመለስ ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙበት ዘዴ ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች የሚያስደንቅ ነው። የአንዱን እስረኛ ቀይ የደም ሕዋሳት ክሮሚየም-51 በተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ምልክት አደረጉባቸው። የዚህ ንጥረ ነገር ግማሽ ዕድሜ 28 ቀን ገደማ ሲሆን የሚያመነጨው የጋማ ጨረር በቀላሉ ይቆጠራል። ከዚያም ደሙ የሚፈርስበትን ሰው ሕዋሳት ደሙ ለማይፈርስበት ሰው ሰጥተው መድኃኒቱን አዋጡት። እንግዶቹ ሕዋሳት ፈረሱ፤ የባለቤቱ ግን ጤነኛ ሆነው ቀሩ። በተቃራኒው ሲሞክሩትም የጤነኛው ሕዋሳት በሕመምተኛው አካል ውስጥ ሳይፈርሱ ቆዩ። እንግዲህ ጉድለቱ ያለው በሕዋሱ ውስጥ ነው። ይህ በ1954 ታትሞ ወጣ። በ1956 ፖል ካርሰንና ባልደረቦቹ የጎደለው ጂ6ፒዲ መሆኑን አሳወቁ።

የሎጂክ ውበቱ አይካድም። የሰው ዘር ለመድኃኒት ያለውን ምላሽ እንደሚወስን ለሚያጠናው ዘርፍ መሠረት ከጣሉት ግኝቶችም አንዱ ይኸው ነው። ግን ቆም ብለን እናስብ። ደማቸው እንደሚፈርስ እየታወቀ፣ ለሕክምናቸው በማያስፈልግ መድኃኒት፣ ደማቸው እንዲፈርስ የተደረገው ሰዎች እነማን ነበሩ? በር የተዘጋባቸው ሰዎች ናቸው።

ፈቃድ መቼ ፈቃድ ይሆናል?

በ1946 እና በ1947 በኑረምበርግ 23 ተከሳሾች፣ አብዛኞቹ ሐኪሞች፣ በናዚ ማጎሪያ ካምፖች በፈጸሙት አሠቃቂ ሙከራ ለፍርድ ቀርበው ነበር። የተከሳሾቹ ጠበቆች "አሜሪካኖችስ በስቴትቪል እስረኞችን በወባ አላሳመሙምን?" ሲሉ ሞገቱ። ዐቃቤ ሕግን ወክሎ የመሰከረው አሜሪካዊው ሐኪም አንድሩ አይቪ የስቴትቪልን ሙከራ የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቁሞ ሥነ ምግባርን የጠበቀ መሆኑን እንዳረጋገጠ ለፍርድ ቤቱ ተናገረ። በኋላ እንደታወቀው ግን እርሱ የሚመራው ያ ኮሚቴ በዚያን ጊዜ ገና አልተሰበሰበም ነበር።

ሁለቱን አንድ ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው። በማጎሪያ ካምፖቹ ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው እንዲሞቱ ጭምር ተደርገዋል፤ የስቴትቪል እስረኞች ግን ተጠይቀው እሺ ብለዋል። ሆኖም የጠበቆቹ ጥያቄ መልስ የሚሻ ጥያቄ ነበር። ምሕረት ወይም ገንዘብ የሚያገኘው በአሳሪዎቹ መልካም ፈቃድ ብቻ የሆነ ሰው "እሺ" ሲል ምን ያህል ነጻ ነው? ፍርድ ቤቱ በነሐሴ 1947 በሰጠው ውሳኔ ውስጥ 10 ነጥቦችን አሰፈረ፤ የመጀመሪያውም የተሳታፊው ነጻ ፈቃድ ፍጹም አስፈላጊ ነው የሚል ነው። የስቴትቪል ሙከራ ግን እስከ 1974 ድረስ ቀጠለ።

ሌላው አሳዛኝ ምሳሌ የታስኪጊ ጥናት ነው። ከ1932 እስከ 1972 በአላባማ ቂጥኝ የያዛቸው 399 ጥቁር ወንዶች ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳይታከሙ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ስለ ሕመማቸውም እውነቱ አልተነገራቸውም። ከዚህ መጋለጥ በኋላ በ1979 የወጣው የቤልሞንት ሪፖርት ሦስት መርሖችን አስቀመጠ፤ ሰውን ማክበር፣ መልካም ማድረግ፣ ፍትሕ። ሦስተኛው መርሕ የምርምሩን ሸክም የሚሸከሙት ድሆችና አቅመ ቢሶች ሆነው ጥቅሙን ሌሎች መውሰድ የለባቸውም ይላል። የዓለም የሕክምና ማኅበርም በ1964 የሄልሲንኪን መግለጫ አውጥቶ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ አሻሽሎታል፤ የቅርቡ ማሻሻያ የ2024 ነው።

ታዲያ በእስረኞቹ ደም የተገኘውን ዕውቀት ምን እናድርገው? እንጣለው ብንል ሌላ ሰው እንጎዳለን፤ እንዳልነበረ ሆነን ብንጠቀምበት ደግሞ ዋጋ የከፈሉትን እንረሳለን። ከሁለቱ የሚሻለውን መንገድ የሚያሳይ ምሳሌ በቅርቡ ታይቷል። ታፌኖኩዊን የተባለው በአንድ ጊዜ የሚወሰድ አዲስ የቫይቫክስ መድኃኒት ውጤቱ በ2019 በታተመ ጥናት 522 ሕመምተኞች ላይ ሲፈተን ኢትዮጵያ ከተሳታፊ አገሮች አንዷ ነበረች። በዚህ ጥናት የጂ6ፒዲ አቅማቸው ዝቅ ያለ ሰዎች አስቀድመው ተለይተው እንዳይገቡ ተደርጓል፤ ዛሬም መድኃኒቱ የሚሰጠው የኢንዛይሙ አቅም ከመደበኛው ከ70 በመቶ በላይ መሆኑ በምርመራ ሲረጋገጥ ነው። በስቴትቪል ሰዎችን የጎዳው ምስጢር ለኋለኞቹ መከላከያ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛ ምን ይላል?

በመጀመሪያ ለጤና የሚሆን ቃል። የጂ6ፒዲ እጥረት በአገራችን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ፕሪማኩዊን የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን በራሱ ሥልጣን ማቋረጥ የለበትም፤ ሽንቱ ቢጠቁር፣ ዓይኑ ቢጫ ቢሆን ወይም ብርቱ ድካም ቢሰማው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ቀለል ያለ እጥረት ላለበት ሰውም መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ8 ሳምንት በክትትል ሊሰጥ ይችላል።

ሁለተኛው ቃላችን ለነገ ተመራማሪዎች ነው። ዛሬ በአገራችን ሰውን የሚመለከት ጥናት ከመጀመሩ በፊት በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ዘንድ መቅረብ አለበት። አንዳንድ ተማሪዎች ይህን እንደ ቢሮ ጣጣ ያዩታል። ነገር ግን የፈቃድ ቅጽ ትርጉም የሚኖረው ተሳታፊው በሚያውቀው ቋንቋ ሲገለጽለት፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ምስክር ባለበት ሲነበብለት፣ "አልፈልግም" ማለትም ምንም እንደማያስቀርበት ሲያውቅ ነው። የቀበሌ መሪ ወይም የአገር ሽማግሌ ፈቃድ በሩን ያስከፍታል እንጂ የግለሰቡን ፈቃድ አይተካም። ለልጅም የወላጅ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ዕድሜው በፈቀደ መጠን የራሱ እሺታ ይጠየቃል።

ወህኒ ቤት ሩቅ መስሎ ከታየን ወደ መማሪያ ክፍላችን እንምጣ። አንድ መምህር ለምርምሩ የደም ናሙና ፈልጎ ነጥብ የሚሰጣቸውን ተማሪዎች "ፈቃደኛ የሆነ እጁን ያውጣ" ቢል፣ እጃቸውን ካወጡት መካከል ስንቶቹ በእርግጥ ፈቃደኞች ናቸው? መምህሩ ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም እንኳ የነጥቡ መዝገብ በእጁ ነው። ትክክለኛው አሠራር ጥያቄውን ነጥብ በማይሰጥ ሌላ ሰው በኩል ማቅረብ፣ ማን እሺ እንዳለና ማን እንቢ እንዳለም መምህሩ እንዳያውቅ ማድረግ ነው። ተማሪውም "ጥናቱን ማን ገመገመው? ናሙናዬ ከጥናቱ በኋላ የት ይደርሳል? ብተወውስ?" ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ መምህርን መዳፈር አይደለም፤ ጠይቆ መልስ ማግኘትን በትምህርት ቤት የለመደ ሰው ነገ ቅጹን ይዞ በገበሬው ደጃፍ ሲቆም፣ ገበሬው ያንኑ ቢጠይቀው አይከፋውም።